ጽሑፍን ምሉእ አድርጎ ለአንባቢ ስለ ማድረስ

በኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው ሐሳቡን አሰላስሎ፣ ቃሉን መርጦ፣ ጽሑፉን ከፈጸመ በኋላ፣ ብዙዎች ሳያስቡበት የሚያልፉት አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያጎድል ለተከታታዮቹ ይልክላቸው እንደ ሆነ፣ ወይስ ከመግቢያው ጥቂት መስመር ቀንጭቦ ሰጥቶ «የቀረውን ወደ ገጼ መጥታችሁ አንብቡ» ይላቸው እንደ ሆነ መምረጥ ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲመለከቱት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ጥቃቅን ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው፣ ጸሐፊው ለአንባቢው ያለው አክብሮት፣ ስለ እንጀራው ያለው ሥጋት፣ በጽሑፉም ዕድሜ ላይ ያለው ተስፋ ሁሉ በዚህ ምርጫ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። እኔ ምሉእ ጽሑፍ መላክ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝና፣ ምክንያቴን ረጋ ብዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማያውቀው አንባቢ መግለጽ ያሻል። ብዙ ድረ ገጾች ለሰው ዐይን ተውቦ ከተሰናዳው ገጻቸው ሌላ፣ አርኤስኤስ በሚባል ደንብ የተጻፈ፣ በተለምዶም ፊድ የሚሉት፣ ለመተግበሪያዎች እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ አንድ ፋይል አላቸው። አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቍጥር ይህ ፋይል ይታደሳል፤ አንባቢውም በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ፊድ ማንበቢያ የሆነ መተግበሪያ ጭኖ የሚወዳቸውን ድረ ገጾች አድራሻ አንድ ጊዜ ካስገባለት፣ መተግበሪያው በየጊዜው እየዞረ አዲስ የወጣውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ስፍራ ያቀርብለታል። አንባቢው ድረ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈተ «ዛሬስ አዲስ ነገር ይኖር ይሆን?» እያለ አይደክምም፤ ስሙንና ስልክ ቍጥሩን ለጸሐፊው መስጠት አያስፈልገውም፤ ይህን አንብብ ያንን ተው እያለ በስውር የሚመርጥለትም የለም፤ ጽሑፎቹ እንደ ወጡበት ቅደም ተከተል ይደርሱታል። አገራችን ደብዳቤ በየቤቱ ከሚታደል ይልቅ በፖስታ ሣጥን የሚገባባት ናትና ምሳሌው ለመረዳት አያስቸግርም፤ ምሉእ ፊድ ሣጥኑ ሲከፈት ደብዳቤው ራሱ እንደሚገኝ ነው፤ ቅንጭቡ ግን «ደብዳቤ መጥቶልሃልና ቀርበህ ውሰድ» የሚል ቍራጭ ወረቀት ብቻ እንደሚገኝ ነው።

ፋይሉን ከፍቶ ውስጡን ለሚመለከት ሰው ምስጢሩ ወዲያው ይገለጥለታል። በአናቱ የድረ ገጹ ስም፣ አድራሻና አጭር መግለጫ ሰፍሯል፤ ከዚያ በታች እያንዳንዱ ጽሑፍ በየራሱ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜም አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች ሆኖ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ርእሱ፣ ጽሑፉ የሚገኝበት ማስፈንጠሪያ፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ከሌላው እንዳይምታታ የተሰጠው መለያ በተራ ተቀምጠዋል፤ ቀጥሎ ለጽሑፉ አካል የተመደበው ስፍራ ይመጣል። ክርክሩ ሁሉ ያለው በዚህ ስፍራ ላይ ነው፤ ሙሉው ጽሑፍ ከነአንቀጹና ከነማስፈንጠሪያው ሊገባበት ይችላል፤ ሁለት መስመርም ብቻ ገብቶበት ሊቀር ይችላል። አንዳንድ መተግበሪያዎች የጎደለውን ከገጹ ራሳቸው ፈልገው ለማምጣት የሚሞክሩ ቢሆንም፣ ማስታወቂያውን ከጽሑፉ ጋር እየቀላቀሉ ወይም አንቀጽ እየዘለሉ ስለሚያመጡት፣ ጸሐፊው በእጁ አስተካክሎ እንደ ሰጠው ያለ ንባብ አይሆንም።

ሥርዓቱ የተጀመረው በማርች 1999 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ማይ ኔትስኬፕ» በሚለው ገጹ ላይ የልዩ ልዩ ድረ ገጾችን ርእሶች ሰብስቦ ለማሳየት ሲል፣ ቍጥሩ 0.90 የሆነውን የመጀመሪያውን ደንብ አወጣ። ዓላማው ርእስ ማሳየትና ወደ ገጹ መምራት እንጂ ጽሑፍ ማስነበብ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የተከተለው 0.91ም ለመግለጫ የሚሆን ስፍራ ቢጨምር፣ ከ500 ፊደላት እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ጽሑፍን ቀንጭቦ መላክ የጸሐፊው ንፍገት ሳይሆን የደንቡ ግዴታ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ያ ዓመት በሌላ ምክንያት የሚታሰብ ነው፤ የግእዝ ፊደል፣ ፊደላት በኮምፒዩተር ላይ የጋራ ቍጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የተካተተው በሴፕቴምበር 1999 ነውና። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ፊደሉን በየራሱ ቍጥር ያስቀምጠው ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር፤ ፊድ የተመሠረተበት ኤክስኤምኤል የተባለው የፋይል አጻጻፍ ግን ዩኒኮድን መሠረቱ ያደረገ በመሆኑ፣ የአማርኛ ጽሑፍም ከሌሎች ልሳናት ጋር እኩል በዚህ መንገድ ለመጓዝ በቃ።

ደንቡ የተፈታው በዲሴምበር 2000 ነው። ዩዘርላንድ የተባለው ኩባንያ መሥራች ዴቭ ዋይነር ባወጣው በ0.92 ላይ የርዝመቱ ወሰን ተነሣ፤ አንቀጽና ማስፈንጠሪያ ያለበት ጽሑፍም ሳይቈረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። በዚያው ወር ሌላ ቡድን 1.0 የሚለውን የተለየ ደንብ አወጣ፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ ኋላ ስሙ በዓለም የታወቀው አሮን ስዋርትዝ ሲሆን፣ ዕድሜው ያን ጊዜ 14 ዓመት ብቻ ነበር። በ2002 አርኤስኤስ 2.0 ወጣ፤ በ2005 መጨረሻም አቶም የተባለው ደንብ ሲጸድቅ፣ ለአጭር መግለጫ አንድ ስፍራ፣ ለጽሑፉ አካል ሌላ ስፍራ ለይቶ ስለ ሰጠ፣ ሁለቱን ማቀላቀል አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን የሚቈርጠው ደንቡ አይደለም፤ ሰው ነው።

ሰዎች ለምን እንደሚቈርጡትና አንባቢዎችም ምን ያህል እንደሚያዝኑበት በግልጥ የታየው በኦገስት 2007 ነው። «ፍሪኮኖሚክስ» የተባለው የታወቀ መጽሐፍ ደራሲዎች ስቲቨን ሌቪትና ስቲቨን ዳብነር፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ይጽፉት የነበረውን ወደ ኒው ዮርክ ታይምስ ድረ ገጽ አዛወሩት፤ ከዝውውሩም ጋር እስከዚያ ድረስ ምሉእ ሆኖ ይደርስ የነበረው ፊድ ወደ ቅንጭብ ተለወጠ። አንባቢዎቻቸው ወዲያው ቅሬታቸውን አሰሙ። እነዚህ ሰዎች ጽሑፉን የተዉት አልነበሩም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ በታማኝነት የሚከታተሉት እነርሱ ነበሩ። የቅንጭብ ነገር ልቤን የሚያሳዝነው በዚህ ነው፤ በአጋጣሚ ከፍለጋ ሞተር መጥቶ አንዲት ደቂቃ ቆይቶ ለሚሄደው እንግዳ ጽሑፉ በሙሉ ይከፈትለታል፤ «ሁልጊዜ አነብሃለሁ» ብሎ አድራሻውን የመዘገበው ወዳጅ ግን በደጅ እንዲቆም ይደረጋል።

ይህን ስል ቅንጭብ የሚልኩትን ሰዎች ምክንያት አቃልዬ አይደለም። ጽሑፍ መጻፍ ጊዜና ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የብዙዎቹ ገቢ ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ያለው በገጹ ላይ ነው። በመተግበሪያ ውስጥ አንብቦ የሚያበቃ ሰው በገጹ ጎብኝዎች ቍጥር ውስጥ አይገባም፤ ያልተቈጠረም ሰው ለማስታወቂያ ከፋዩ እንደሌለ ነው። ነገር ግን ከዚህ ችግር ለመውጣት ጽሑፉን መቍረጥ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን አንዳንዶች በሥራ አሳይተዋል። ዴሪንግ ፋየርቦል በሚለው ድረ ገጹ ስለ አፕል ኩባንያ የሚጽፈው ጆን ግሩበር፣ ምሉእ ፊድን በመጀመሪያ ገንዘብ ለከፈሉ አባላት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በ2007 ግን ለሁሉ ከፈተውና በየሳምንቱ አንድ ስፖንሰር ብቻ እየተቀበለ፣ የስፖንሰሩን መልእክት በፊዱ ውስጥ ማውጣት ጀመረ። ማስታወቂያው ወዳለበት ገጽ አንባቢውን ከመጐተት ይልቅ፣ ማስታወቂያውን አንባቢው ወዳለበት ወሰደው ማለት ነው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣም በ2008 ምሉእ ጽሑፎቹን በፊድ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ፊዱ ጥቂት አንቀጽ አሳይቶ «ንባቡን ቀጥል» በሚል ማስፈንጠሪያ ወደ ገጹ ይመልሳል። ትልቅ ጋዜጣ ብዙ ደመወዝ ይከፍላልና አልፈርድበትም፤ አንባቢዎቹ በጣት የሚቈጠሩ ጸሐፊ ግን የዚያን ጋዜጣ ጥንቃቄ ሲኮርጅ ሳይ፣ ያልያዘውን ሀብት ሲጠብቅ በእጁ ያለውን አንባቢ እንዳያጣ እሠጋለታለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የስርቆት ፍራቻ ነው። ፊድ ለመተግበሪያ የተመቸ በመሆኑ፣ የሰውን ጽሑፍ ያለ ድካም እየለቀሙ በራሳቸው ገጽ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም ሌባው ከገጹም ላይ ቢሆን መገልበጥ አያቅተውምና፣ ቅንጭቡ የሚያስቸግረው ከሌባው ይልቅ ቅኑን አንባቢ ነው። የሚሻለው በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ የጸሐፊውን ስምና ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ በፊዱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እንደዚህ ሲሆን፣ በማሽን ተሰብስቦ የተለጠፈው ግልባጭ የባለቤቱን ስም ይዞ ሊዞር ይችላል።

ሦስተኛም ሰርቨሩን ያጨናንቃል የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ከቀደሙት የቀለለ ነው። መተግበሪያው «ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በትክክል የተዘጋጀ ሰርቨር ምንም ካልተለወጠ 304 በሚለው ቍጥር ብቻ «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ፋይሉም እንደገና አይላክም።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ በእኛ አገር አንባቢ ዐይን ሲታይ ክብደቱ ይጨምራል። የግእዝ ፊደል በኢንተርኔት ላይ በተለመደው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። 2000 ቃል ያለው ጽሑፍ፣ ቃሉ በአማካይ 5 ሆሄ ቢኖረው፣ ከነክፍተቱ 32 ኪሎባይት ያህል ይመዝናል፤ ይህም ሳይጨመቅ ነው። ያው ጽሑፍ በገጹ ላይ ሲከፈት ግን ከፎቶግራፉ፣ ከማስታወቂያው፣ አንባቢውን ከሚከታተሉት ስክሪፕቶች ጋር ሆኖ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት ያልፋል፤ ከ60 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ፓኬጅ እየገዛ በስልኩ ለሚያነብ ተማሪ፣ ኔትወርክ በሚቈራረጥበት ከተማ ለሚኖር መምህር፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ዋይፋይ ባገኘች ሰዓት ብቻ መተግበሪያዋን ለምታድስ እኅት፣ ይህ ልዩነት በማንበብና ባለማንበብ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ምሉእ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከወረደ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይነበባል፤ ቅንጭብ ግን ኢንተርኔቱ በጠፋበት ሰዓት ምንም አይጠቅምም። ዐይናቸው ማየት ለተሳነው፣ ስልካቸው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ለሚያደርጉ ሰዎችም፣ በማስታወቂያ ካልተበታተነ ንጹሕ ጽሑፍ የበለጠ የሚመች ነገር የለም።

በዚህ ላይ የታሪካችን አንድ ምዕራፍ ይጨመርበታል። ከሜይ 2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ብሎግስፖት የተባለው የጽሑፍ ማውጫ አገልግሎት ተዘግቶ፣ በዚያ ላይ የሚጽፉ ሰዎችን ገጽ ከአገር ውስጥ መክፈት አልተቻለም ነበር፤ የዲያስፖራ የዜና ገጾችም እንዲሁ ታግደው ብዙ ዓመት ቆዩ፤ በ2018 ክረምት መግቢያ ላይ ከ200 በላይ ድረ ገጾች መለቀቃቸው በመንግሥት እስኪነገር ድረስ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ፊድ ሊሰጥ ይችል የነበረው አገልግሎት በአሠራሩ ይታያል። ያን ጊዜ የነበረውን ጎግል ሪደርን የመሰለ ፊድ ማንበቢያ አገልግሎት ጽሑፉን የሚሰበስበው ባሕር ማዶ ባለው በራሱ ሰርቨር ነው፤ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ የሚገናኘው ከጎግል ጋር እንጂ ከታገደው ገጽ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ እገዳው አያገኘውም። ይህ የሚሆነው ግን ጸሐፊው ምሉእ ጽሑፉን በፊዱ ውስጥ ካስገባው ብቻ ነው። ቅንጭብ የላከው ጸሐፊ፣ ምንም እንኳ ለአገሩ ሕዝብ ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢውን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርሶ ለተዘጋው በር ያስረክበዋል። ለነጻነት የሚጽፍ ሰው በዚህች በአንዲት ምርጫ ሳቢያ ከሚጽፍለት ሕዝብ ሊቈረጥ መቻሉ፣ ቴክኒኩን እንደ ተራ ነገር አድርጌ እንዳላየው የሚያደርገኝ ዋና ምክንያት ነው።

ጎግል ሪደር በጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ፤ ብዙ ሰዎችም ያን ጊዜ የፊድ ነገር አበቃ አሉ። ነገር ግን ፊድሊ፣ ኢኖሪደር፣ ኒውስብለር የተባሉት አሁንም ይሠራሉ፤ ከዚህም በላይ ስሙን ሳያውቁ በየዕለቱ የሚገለገሉበት ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ፖድካስት የሚከፋፈለው በፊድ ነውና። ከላይ የጠቀስኩት የዲሴምበር 2000 ደንብ የጽሑፍን ርዝመት ወሰን ሲያነሣ፣ የድምፅ ፋይልን ከፊድ ጋር ለማያያዝ የሚያገለግለውን ክፍልም በዚያው ጨምሮ ነበር። ፖድካስት የሚያዘጋጅ ሰው የዝግጅቱን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ አሰምቶ «የቀረውን ወደ ገጼ መጥታችሁ አዳምጡ» ቢል አድማጩ ትቶት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ስለዚህ በነጻ የሚሰጠውን ዝግጅት ምሉእ አድርጎ ይልካል፤ ማስታወቂያውንም በድምፁ ውስጥ ያስገባል። ለአድማጭ የተደረገው ክብር ለአንባቢ የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ መቈረጡ ራሱ ለአማርኛ የሚስማማ አይደለም። ዎርድፕሬስ የተባለው እጅግ የተስፋፋው የድረ ገጽ ማዘጋጃ፣ ጸሐፊው የራሱን አጭር መግለጫ ካልጻፈለት፣ ቅንጭቡን የሚሠራው የመጀመሪያዎቹን 55 ቃላት ቈጥሮ፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሦስት ነጥብ አድርጎ በማቆም ነው። አማርኛ ግን ግሱን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያስቀምጥ ልሳን ነው። ረዥም ዐረፍተ ነገር የሚወድ ጸሐፊ በ55ኛው ቃል ላይ ሲቈረጥ፣ ባለቤቱና ተሳቢው ተነግረው፣ ምን እንደ ሆነና ማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው ግስ ይቀራል፤ አንባቢው የሚደርሰው አጭር ሐሳብ ሳይሆን ሐሳብ ያልሆነ ነገር ነው። ማሽኑ ቃል የሚለየው በባዶ ስፍራ በመሆኑም፣ እንደ ቀደሙት አባቶች ሥርዓት በቃላት መካከል ክፍተት ሳይተው ሁለት ነጥብ ብቻ እያደረገ የሚጽፍ ሰው ቢኖር፣ ማሽኑ አንድ ሙሉ አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ይቈጥርበታል። እንግዲህ ቅንጭብ መላክ ግድ የሆነበት ጸሐፊ እንኳ፣ ቢያንስ አጭር መግለጫውን በገዛ እጁ ይጻፈው እንጂ ለማሽን መቀስ አይተወው።

ዎርድፕሬስ ሲጫን፣ ባለቤቱ እጁን ካላስገባበት በቀር ፊዱ ምሉእ ነው። ስለዚህ ቅንጭብ የሚደርሳቸው አንባቢዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አስቦ ወይም ሌላውን አይቶ የለወጠው ነገር ነው የሚደርሳቸው። መመለሱም ቀላል ነው፤ በማስተካከያው ውስጥ ንባብን በሚመለከተው ገጽ ላይ፣ በፊድ ውስጥ ሙሉው ጽሑፍ ይግባ ወይስ ቅንጭቡ የሚል ምርጫ አለ፤ የመጀመሪያውን መርጦ ማስቀመጥ ነው። ብሎገር በተባለው ማዘጋጃም እንዲሁ ፊድን የሚመለከተው ምርጫ ሙሉ፣ አጭር፣ ወይም ጸሐፊው ምልክት እስካደረገበት ድረስ እያለ ይጠይቃል። ከለወጡት በኋላ በዎርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ ፊድ አብዛኛውን ጊዜ ከድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ፊድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በመጨመር ይከፈታልና፣ ባለቤቱ ራሱ በአንድ ፊድ ማንበቢያ ተመዝግቦ የገዛ ጽሑፉን እንደ ማንኛውም አንባቢ ሊያየው ይገባል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይመርምር፤ የመጀመሪያው፣ ፎቶግራፎቹና በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ማስፈንጠሪያዎች ከነሙሉ አድራሻቸው መጻፋቸውን ነው፤ አድራሻቸው ጎደሎ ከሆነ በገጹ ላይ ቢሠሩም በመተግበሪያ ውስጥ ሊጠፉ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ጽሑፉን ኋላ ሲያርመው መለያው አለመለወጡን ነው፤ መለያው ከተለወጠ መተግበሪያው የታረመውን እንደ አዲስ ቈጥሮ ለአንባቢው ሁለተኛ ጊዜ ያመጣዋል።